የብድር ኮሚቴው ባል ፍለጋ

ከብዙ ነገር ጋር ተጣልቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ ጭቃው ለእግር ይለሰልስ ነበር ብዬ ተከራክሬያለሁ። ሰው ሁሉ ባንድ አፍ «ልክ ነው» ሲል ከሰማሁ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ይሰማኛል። ባለቤቴ ይህን በሽታ ያመጡብህ መጻሕፍት ናቸው ትላለች። መጻሕፍቱም እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ምናልባት እውነቷን ነው።

ስለዚህ «የሴቶች ተሳትፎ» የሚለው ጽሑፍ በየቢሮው ግድግዳ መለጠፍ ሲጀምር እኔ በየት በኩል እንደቆምኩ መገመት አያስቸግርም። «ወንበር በችሎታ እንጂ በጾታ አይታደልም» እያልኩ በየሻይ ቤቱ ሰብኬያለሁ፤ ጽፌያለሁም። ዛሬ ተነስቼ ደረቴን እየደቃሁ ንስሐ ልገባ አይደለም። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ጊዜው ቢቸና ውስጥ በአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ኮሚቴ ጸሐፊ የነበርኩበት ነው። የተመረጥኩት በችሎታዬ አልነበረም። በጉባኤው ላይ የቀረበውን እጩ ሁሉ ስቃወም የሰለቸው ሕዝብ «እንግዲያው አንተው ግባበት» ብሎ አስገባኝ።

ኮሚቴው አራት ሰው ነበረው። ሰብሳቢው አቶ ገበያው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው። ሰው አርፍዶ ሲገባ እስካሁን ድረስ የእጁን ጥፍር ማየት የሚቃጣቸው ይመስለኛል። ሁለተኛው መሪጌታ ፈንታሁን ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ተቀኝተው ያደጉ፣ ጉባኤውን በምርቃት ከፍተው በምርቃት የሚዘጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በእኛ አገር ምርቃት ከወረደ በኋላ ያለቀ ነገር መቀስቀስ ነውር ነው። መሪጌታ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ክርክሩ ወደማይወዱት በኩል ሲያዘነብል ብድግ ይሉና «እንግዲህ እንመራረቅ» ይላሉ። ባርኔጣ ይወልቃል፣ «አሜን» ይባላል፣ ጥያቄ የነበረው ሰው ጥያቄውን ይዞ ቤቱ ይገባል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ጥያቄ በአሜን እንደተቀበረ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ አራተኛዋ አንጓች ናት። የወረዳው የኅብረት ሥራ ባለሙያ መጥቶ «ሴት የሌለበት ኮሚቴ አላጸድቅም፤ ሴቷ ያልፈረመችበት ውሳኔም አይጸናም» ብሎ ስላስቸገረን የገባች ናት። ብዙ ሴቶች ታስበው ነበር፤ የአንዷ ባል ይቆጣል፣ የሌላዋ ባል ያመሻል። አንጓች ግን ባሏ ይሄነው ከቤት ከወጣ ዓመታት አልፈውት ነበር። አልሞተ፣ አልፈታ፣ አልላከ። «እሷን ማን ይቆጣታል?» አሉ አቶ ገበያው። ባል ቤቷ ስለሌለ ተመረጠች ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንጓች ዳቦ ጋግራ ትሸጥ ነበር፤ በከሰል፣ በትንሽ ድስት። በዚያ ሰሞን ዳቦ ቤቱን ዘግቶ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር የሚዛወር አንድ ሰው ትልቅ የዳቦ ምድጃውን ሊሸጥላት ተስማማ። ዋና መንገድ ዳር አንዲት ክፍልም ተከራይታ ነበር፤ አከራይዋ ግን በዚያ ወር ሥራ ካልጀመረች ክፍሏን ለፀጉር ቤት እሰጣለሁ ብሏታል። ምድጃው ካመለጠ ክፍሏም ታመልጣለች። ስለዚህ የብድር ማመልከቻ ለእኛው፣ ለራሷ ኮሚቴ አቀረበች።

«ማመልከቻሽ ምንም አይወጣለትም» አሉ አቶ ገበያው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «የቀረው የይሄነው ፊርማ ነው።»

ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፊርማ አትበደርም የሚል ሥርዓት ነበረን። ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ አልነበረም፤ ሁላችንም ሌላው ያወጣው ይመስለን ነበር።

«ይሄነው የት እንዳለ ያውቃሉ፣ ጋሼ?» አለች አንጓች።

«ሞጣ ነው ይባላል።»

«እኔም የምሰማው ‹ይባላል›ን ነው። ያመለከትኩት ለምድጃ ነው እንጂ ለባል አይደለም።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እታለም፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

«መሪጌታ፣ አንቱ በሬ ሲገዙ ብድሩን ማን ፈቀደ?»

«ኮሚቴው ነዋ።»

«ከኮሚቴው ማን ማን ፈረመ?»

መሪጌታ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እኔ ፈርሜያለሁ» አለች አንጓች። «ባለቤትዎ እማማ የሺ ግን አልተጠየቁም። ፊርማዬ ለአንቱ በሬ ከበቃ ለእኔ ምድጃ እንዴት አነሰ?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ስለዚህም መሪጌታ ብድግ አሉ።

«እንግዲህ እንመራረቅ።»

ባርኔጣ ወለቀ፤ አሜን አልን፤ አለቀ። አንጓችም ከንፈሯን ነክሳ አሜን አለች። ምን ታድርግ።

ደጁ ላይ ስንደርስ ግን አቶ ገበያው ሆዳቸው አልቻለም። መጥፎ ሰው አይደሉም። «ሻጩ እስከ መቼ ይጠብቅሻል?» አሏት።

«እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ከሰዓት ዕቃው ተጭኖ ይሄዳል።»

ሰብሳቢያችን አሰቡ። ሲያስቡ ዱላቸውን መሬት ላይ ያሽከረክራሉ። ከዚያም በሕይወቴ ከሰማኋቸው ሐሳቦች ሁሉ የሚበልጠውን አመጡ።

«ኮሚቴው ራሱ ሞጣ ሄዶ ባልሽን ፈልጎ ያስፈርመዋል።»

መሪጌታ ደስ አላቸው፤ ሞጣ ጊዮርጊስን ከተሳለሙ ቆይተው ነበር። እኔ በልማዴ ተቃወምኩ። ሴትዮዋ እዚሁ ፊታችን ቆማለች፣ እስክሪብቶ በእጇ ነው፣ እኛ በእስክሪብቶ የሚፈርም ወንድ ፍለጋ አገር ልናቋርጥ ነው ወይ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያንን ያልኩት ለእሷ አስቤ ሳይሆን ጠዋት መነሳት ስለማልወድ ነበር።

«የተቃወመ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ይምጣ» ብለው ወሰኑ። የማጣሪያ ጉዞ ወጪ ደግሞ በአመልካች ነው፤ ይኼኛው በደንባችን የተጻፈ ነው። ስለዚህ አንጓች፣ ባሏን ፈልገን እንድናስፈርምላት፣ የሦስታችንንም ትራንስፖርት ከፈለች። ስትከፍል ሳቋ መጣ። «ሽማግሌ ልኮ የሚያገባ ሰምቻለሁ» አለች፤ «ሽማግሌ ከፍላ ባሏን የምታስፈልግ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።»

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ተገናኘን። «መንገድ አለ?» አልነው ሾፌሩን፤ በዚህ ዘመን ከሰላምታ የሚቀድመው እሱ ነው። «ዛሬ አለ» አለ። ሦስታችን ከፊት ተደረደርን፤ አንጓች ከኋላ ከጎማው በላይ ያለችው ወንበር ደረሰቻት።

ደብረ ወርቅን ስናልፍ መሪጌታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እጅ ነሱ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጉንደ ወይን አቧራ ስንጠጣ፣ የፍለጋውን ስልት ነደፍን። አቶ ገበያው የድሮ ተማሪዎቻቸውን ይጠይቃሉ። መሪጌታ በየደብሩ ያፈላልጋሉ፤ «ሰው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው» የሚል እምነት ነበራቸው። እኔ ጠጅ ቤቶቹን እንድይዝ ተመደብኩ፤ ለምን እኔ እንደሆንኩ ማንም አላብራራም።

«ከጨነቀ ለፖሊስ እናስታውቃለን» አሉ አቶ ገበያው።

«ይሄነው እኮ ብዙ አይሸሸግም» አለች አንጓች ከኋላ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች። «ያን ያህል አያስብም።»

የሰማት የለም። እኛ ካርታ እየሠራን ነበር።

ሞጣ መናኸሪያ ስንደርስ መኪናው ሳይቆም በሩ ከውጭ ተከፈተ። አንድ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ግማሽ ሰውነቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር፣ የሞላ መኪና፣ ባሕር ዳር» አለና የመሪጌታን ዘንቢል ቀማቸው። ተራ አስከባሪ ነው። ዘንቢሉን እንዳንጠለጠለ ዓይኑ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ።

ከዚያ፣ ሌላ የሚለው ጠፍቶት መሰለኝ፣ «ባሕር ዳር ነሽ?» አላት።

«አይ፣ እዚሁ ነኝ» አለች አንጓች።

ይሄነው ነበር። የፍለጋ ስልታችን ኪሳችን ውስጥ እንዳለ ቀረ። አቶ ገበያው ትንሽ የተከፉ ይመስለኛል፤ ሰው ተፈልጎ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ይሄነው የሚኖረው ከመናኸሪያው ጀርባ በእማሆይ አመተ ሥላሴ ግቢ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ። ወደዚያው ወሰደን። እማሆይ ባላቸው ከሞተ በኋላ የመነኮሱ፣ ቀጭን፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ ከማንም ጋር የማይነጋገሩ ሴት ናቸው። እኛን ሲያዩ ከመደባቸው ሳይነሱ «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» አሉና ለሁላችንም በርጩማ እንዲወጣልን አዘዙ። የሰባ ዓመቱ መሪጌታ ልጅ በመባላቸው ሲሽኮረመሙ አየሁ።

አቶ ገበያው ጉዳዩን በትምህርት ቤት አነጋገር አስረዱ። ይሄነው ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸውና «እኔማ እፈርማለሁ፤ ምን ከፋኝ» አለ። ሁላችንም ተነፈስን። «ግን እኔም አንድ ችግር አለችኝ፤ እግዜር ነው ያመጣችሁ።»

ችግሩ ይህ ነበር። ከአንድ ጓደኛው ጋር ባጃጅ በጋራ ሊገዛ ፈልጎ፣ አባል ከሆነበት የሞጣ ቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ጠየቀ። እነሱም «ሚስትህን አምጥተህ አስፈርም፤ ያገባ ሰው ያለ ሚስቱ ፊርማ እዚህ አይበደርም» ብለው መለሱት።

አቶ ገበያው ዱላቸውን ማሽከርከር አቆሙ።

«ምን አሉህ?»

«ሚስትህን አምጣ አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ሙሉ ሰውን? ሚስትህን አምጣ?»

«ምን ዓይነት ማኅበር ነው እሱ?» አሉ መሪጌታ። «እንዴት ወንድ ልጅ ለገዛ ብድሩ ሴት አስፈቅድ ይባላል? ይኸ ክብረ ነክ አይደለም?»

«እኔም እኮ ያልኩት ይኸንኑ ነው» አለ ይሄነው።

አንጓችን አየኋት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ልክ ያንኑ ሥርዓት በእሷ ላይ ለማስፈጸም ማለዳ ተነስተው አቧራ የጠጡ፣ በቁጣ ሲቀሉ ተራ በተራ ታያቸዋለች። እኔ ብቻዬን የምስቅ መስሎኝ ቀና ስል የእማሆይ እንዝርት ቆሞ ነበር። እሳቸውም እያዩን ነው።

«ቀላል ነው» አለ ይሄነው። «እኔ ለእሷ እፈርማለሁ፣ እሷ ለእኔ ትፈርም።»

«አበጀህ» አሉ አቶ ገበያው። «ተጠናቀቀ።»

«እኔ አልፈርምም» አለች አንጓች።

«ምነው?»

«ጋሼ፣ ይሄነው ቆሞ ያለውን ቤት እንኳ ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ጎማ ያለው ነገር ልስጠው?»

ይሄነው አልተቆጣም። «እሱስ እውነቷን ነው» ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ። ወዲያው ግን ወንድነቱ ትዝ ብሎት «እንግዲያውስ እኔም አልፈርምም» አለ።

በዚህ መሐል የአንጓች ስልክ ጮኸ። ሻጩ ነው። የጭነት መኪናው፣ ኤፍ ኤስ አሩ፣ ቆሟል፣ ዕቃው እየተጫነ ነው፤ ምድጃውን ካልወሰደች ባሕር ዳር ገዢ አላጣም አላት። «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ» አለችው። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል፣ ፀጉር ቤት ልትሆን ነው።

እዚህ ላይ መቸኮል ነበረብን። ነገር ግን ጎጃም ውስጥ ሦስት ወንዶች፣ አንድ ባልና አንድ ሚስት በርጩማ ላይ ከተቀመጡ የሚሆነው አንድ ነገር ነው። የብድር ኮሚቴ ሆነን የገባን ሰዎች ሳናውቀው ሽማግሌ ሆነን አረፍነው። ማንም አልወሰነም፤ በደማችን ያለ ነገር ነው። አቶ ገበያው ድምፃቸውን አወፈሩ። መሪጌታ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ብለው ጀመሩ። ምድጃው ተረሳ።

«ጥፋቱ ከማን ነው?» አሉ አቶ ገበያው።

«ጥፋት ልናወራ ነው እንዴ የመጣነው?» አለች አንጓች።

«ቆይ፣ እታለም፣ በደንብ እንየው። ምድጃው ያለው ሞጣ ነው። ባልሽ ያለው ሞጣ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ ቢቸና ያለሽው። እዚሁ ብትቀሪ ምድጃውም መጫን አይኖርበትም።»

አቶ ገበያው ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ በጣም አጭሩን መንገድ አገኙ።

«ጋሼ» አለች አንጓች፣ በጣም ቀስ ብላ፤ «እኔ ከማኅበራችን የምፈልገው ብድር ነው። ደንበኞቼ ቢቸና ናቸው። ክፍሌ ቢቸና ነው። እናቴ ቢቸና ናት። እሱን አልጠላውም። ከመናኸሪያ ሲጮህ ደስተኛ ይመስላል፤ ይጩህ። እኔን ግን ወደ ሥራዬ መልሱኝ።»

«እውነቴን ነው፣ ደስተኛ ነኝ» አለ ይሄነው።

«አንተ ዝም በል፤ እያስታረቅንህ ነው» አሉት መሪጌታ።

ስልኳ እንደገና ጮኸ። አላነሳችውም፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። እኔም እንደ ሁልጊዜው መቃወም አማረኝ፤ ግን ማንን እንደምቃወም ጠፋኝ። ሁሉም ሰው በየራሱ መንገድ ደግ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት፣ ደግ ሰዎች ከበው ሲቀመጡ አንድን ሰው እንዴት አድርገው እንደሚያንቁት አላየሁም ነበር።

መሪጌታ ሰዓቱን አዩና የታወቀውን መድኃኒታቸውን አሰቡ። አንጓችን አሜን ካስባሏት ነገሩ ያልቃል። ግን በሰው ግቢ፣ መነኩሲት ተቀምጣ እሳቸው አይመርቁም፤ ሥርዓት አይደለም። ስለዚህ ወደ መደቡ ዞረው አጎነበሱ።

«እማሆይ፣ ነገሩን ሰምተውታል። እንግዲህ እርስዎ ይመርቁንና ነገሩ ይዘጋ።»

ተነሣን፤ ባርኔጣ ወለቀ። እማሆይ እንዝርታቸውን መደቡ ላይ አኖሩ። ቀጭን ድምፅ ነበራቸው፤ ቸኩለው ነበር የሚናገሩት።

«እግዚአብሔር የወጣችሁበትን ያሳካላችሁ።»

«አሜን።»

«ከመንገድ ክፉ፣ ከሰው ዓይን ይሰውራችሁ።»

«አሜን።»

«ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።»

«አሜን።»

«የዚችን ልጅ ምድጃ የሞቀ ያድርግላት።»

«አሜን።»

«ይሄነውም ባለበት ይድላው፤ እሷም ባለችበት ይድላት።»

«አሜን።»

«በገዛ እጇ ፈርማ፣ በገዛ እጇ ሠርታ ትክፈል።»

«አሜን።»

«እነዚህ ደጋግ ሰዎች ያለማንም ፊርማ፣ አሁን ከዚህ ግቢ ሳይወጡ ይፍቀዱላት።»

«አሜን።»

«አሜን ያለውን አፍ እግዚአብሔር ቃሉን ከማጠፍ ይጠብቀው።»

«አሜን» አልን፤ ከሁሉም ጮክ ብለው አቶ ገበያው።

እማሆይ ተቀመጡና እንዝርታቸውን አነሱ።

አቶ ገበያው ባርኔጣቸውን ሊያደርጉ እጃቸውን አንሥተው እንደያዙት ቀሩ።

«መሪጌታ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ምንድነው አሜን ያልነው?»

መሪጌታ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሁሉንም» አሉ።

«የፊርማውንም?»

«የፊርማውንም፣ የአሁኑንም፣ ቃል ማጠፉንም።»

«እኔ እኮ አፌ ለምዶት ነው።»

«የእኔም ለምዶት ነው። ግን አሜን ማለት ይሁን፣ ይደረግ ማለት ነው። መነኩሲት ፊት ይሁን ብለን ተመልሰን አይሁን ልንል ነው? እኔ ነገ ቅዳሴ አለብኝ።»

ብድር በአሜን መጽደቁ ከየትኛው አንቀጽ ጋር እንደሚሄድ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ «ጻፍ» አሉኝ። ቃለ ጉባኤውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ፦ የኮሚቴው አባላት በሙሉ በተገኙበት፣ ሞጣ፣ የአመልካቿ ጥያቄ ያለ ተጨማሪ ፊርማ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቶ ገበያው ፈረሙ። መሪጌታ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ሁላችንም አራተኛውን መስመር አየን። ሴቷ ያልፈረመችበት ውሳኔ አይጸናም፤ ባለሙያው ያስቸገረን በዚሁ ነበር።

«እታለም» አሉ አቶ ገበያው፣ እስክሪብቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው፤ «ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረን።»

«የራሷን ብድር ራሷ ልታጸድቅ ነው?» አልኩ። «የጥቅም ግጭት የሚባል ነገር አለ እኮ።»

«ጋሼ ለቤታቸው ጣሪያ ሲበደሩ ራሳቸው አልፈረሙም?» አለች አንጓች። መልሴን አልጠበቀችም። ፈረመች።

የባል ፊርማ ፍለጋ መጥተን የሚስትን ፊርማ ለምነን ጨረስን። ያ ፊርማ እኮ ቢቸና ነበር። እዚያው ጠረጴዛችን ላይ፣ የእስክሪብቶው ክዳን እንኳ ተከፍቶ።

አቶ ገበያው ለሻጩ ስልክ ደውለው ማኅበሩ እንደፈቀደ ማረጋገጫ ሰጡት። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ወደ ኤፍ ኤስ አሩ ሮጡ። አንድ ሌላ የጭነት መኪና ወደ ቢቸና ባዶውን የሚመለስ ተገኘ፤ ያገኘው ይሄነው ነው። ምድጃውን የጫኑትም እሱና ጓደኞቹ ናቸው፤ በሥራው ጎበዝ ነው። ተጭኖ ሲያልቅ ፎጣውን አውልቆ ፊቱን ጠረገና ወደ ጋቢናው ቀረበ።

«የእኔስ ነገር?» አላት።

«ማመልከቻ አስገባ» አለችው። «ኮሚቴ ተሰብስቦ ያየዋል።»

ሚኒባስ ስላለፈን ሦስታችንም በዚያው መኪና ተመለስን። ጋቢናው የዕቃው ባለቤት ነው፤ ስለዚህ አንጓች ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሰብሳቢው፣ መሪጌታና ጸሐፊው ከላይ፣ ከምድጃው ጋር። ጉንደ ወይን ላይ መንገዱ ሲያነጥረን መሪጌታ ምድጃውን በሁለት ክንዳቸው አቅፈው ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ እጅ ሊነሡ ቢፈልጉ የሚለቁት እጅ አልነበራቸውም፤ በአንገታቸው ብቻ ሰገዱ።

አንጓች ዛሬ ዋናው መንገድ ዳር ናት። ዳቦዋን እበላለሁ፤ ጨው ይበዛበታል፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

«ሴቶችን ማብቃት» የሚባለውን ቃል አሁንም አልወደውም፤ ምክንያቴ ግን ተለውጧል። ያኔ የማልወደው ለማይገባው ሰው ወንበር የሚሰጥ መስሎኝ ነው። ዛሬ የማልወደው አንጓችን ያበቃት ሰው ስለሌለ ነው። ስናገኛት በቅታ ነበር። ለጌጥ ብለን ያስቀመጥናት ብቸኛዋ ሰው፣ ለሁላችንም ብድር የፈረመች ነበረች፤ ያለ እሷ ውሳኔ አይጸናም፤ እኛ ግን የእሷን ሥልጣን የሚያጸድቅ ሰው ፍለጋ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ዞርን። ወንበር በችሎታ ይታደል እል ነበር። አሁንም እላለሁ። አንባቢዬ፣ ይህን ስል ግን ድምፄን ዝቅ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ያን ቀን በችሎታቸው ተመረጡ የተባሉት ሦስቱ የት እንደተቀመጡ አውቃለሁና።

የባል ፊርማው ሥርዓት ከማኅበራችን እንዴት እንደተነሣ ልንገራችሁና ላብቃ። አሜን ያልነው ለአንጓች ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች እንደነበሩ ናቸው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንጓች ተነሥታ ሥርዓቱ ለሁሉም ይቅር አለች። ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ ወንዶቹ ተንጫጩ፣ ነገሩ ወደ እሷ ሲያዘነብል መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ።

«እንግዲህ እንመራረቅ።»

«መልካም» አለች አንጓች። «ዛሬ ግን እኔ ልመርቅ።»

ሴት አትመርቅ የሚል ሕግ የለም። ባርኔጣ ሁሉ በልማድ ወለቀ።

«እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ» አለች።

አሜን የሚል ጠፋ። የሞጣው ወሬ ከተማውን አዳርሶት ነበር። አዳራሹ ሙሉ ወንድ አፉን ገጥሞ፣ ቀጥሎ ምን እንደምትል ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። እሷም ሳትቸኩል ቀጠለች፤ ስለ ምድጃ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ላም፣ ያገባችም ያላገባችም በገዛ እጇ ስለመፈረሟ። ያን ያህል ወንድ፣ አንዲት ሴት ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ፣ ቃል ሳያቋርጥ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ ሲያዳምጥ በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጨረሰች። ሁሉም አንድ ላይ ዝም ብሏል። ሁሉም አንድ ላይ የሚያደርገውን ነገር ደግሞ፣ ታውቁኛላችሁ፣ አልወድም።

«አሜን» አልኩ።